ፌዴሪኮ ቴዚዮ፤ የፈረስ ዘር ነጋዴ

በአገራችን ፈረስ የክብር እንስሳ ነው። ጀግና በገዛ ስሙ ከመጠራት ይልቅ በፈረሱ ስም ሲጠራ ይኰራ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ስለዚህ አንድ ፈረስ በዓመት ስንት እንደሚበላና ስንት እንደሚያስገባ መጠየቅ ለጆሮአችን ትንሽ ነውር ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው። ፈረስ አጥብቆ ይወድ ነበር፤ ሆኖም ፍቅሩ ሒሳቡን እንዲያበላሽበት አልፈቀደለትም።

ስሙ ፌዴሪኮ ቴዚዮ፣ አገሩ ኢጣልያ ነው። የእሽቅድምድም ፈረስ በማርባት በዓለም ላይ የእርሱን ያህል ስም ያተረፉ ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ ለእኛ ለተማሪዎች ታሪኩ ሊጠቅመን የሚችለው ስለ ዝናው አይደለም። በሀብታሞች ተይዞ በነበረ ገበያ ውስጥ ገንዘቡ ያነሰ ሰው እንዴት ገብቶ አሸነፈ? ካሸነፈስ በኋላ ዋነኛው ትርፍ በማን እጅ ገባ? የሕይወቱ ታሪክ የእነዚህ የሁለት ጥያቄዎች መልስ ስለሆነ እንደሚከተለው ባጭሩ እናቀርበዋለን። የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ትውልዱና ወጣትነቱ

ቴዚዮ በ1869 በሰሜን ኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ ተወለደ። ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳለ ወላጅ አልባ ስለሆነ፣ ያደገው በሞንካሊየሪ በሚገኘው በባርናባውያን መነኮሳት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ከወጣ በኋላ በፈረሰኛ ጦር ውስጥ በመኮንንነት አገለገለ። ቀጥሎም ዓለምን ለማየት ተነሥቶ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ ተጓዘ፤ በደቡብ አሜሪካም ፓታጎኒያ በሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ብዙ መንገድ በፈረስ ሄደ። በአገሩም ያለ ደመወዝ ለክብር ከሚጋልቡት ሰዎች ጋር ሆኖ በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ራሱ ተወዳድሯል። ስለዚህ ሙያውን የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከኮርቻ ላይም ነው።

በ1898 ሊዲያ ፊዮሪ የምትባል ወይዘሮ አገባ። በዚያው ዘመን ባልና ሚስቱ በማጆሬ ሐይቅ ዳር በዶርሜሎ መንደር ፈረስ ማርባት ጀመሩ። ዶርሜሎ አንድ ወጥ የሆነ ሰፊ መስክ አልነበረም፤ ከሐይቁ ዳር ጀምሮ እስከ ኮረብታው ድረስ እዚህም እዚያም ያሉ ትናንሽ እርሻዎች ነበሩ። ቴዚዮ ይህንኑ ጉድለት ወደ ጥቅም ለወጠው። ባዝራዎቹንና ውርንጭሎቹን እንደ ወቅቱና እንደ ሣሩ ሁኔታ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ያዛውራቸው ነበር። ከዚህም በላይ አርቢውም፣ ባለቤቱም፣ አሠልጣኙም እርሱ ራሱ ነበረ። በሌሎች ዘንድ ሦስት ሰዎች የሚካፈሉትን ሥራ አንድ ሰው ሲይዘው ወጪው ይቀንሳል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ፈረሱ በሜዳ ላይ ያሳየው ድክመት ወደ እርባታው ሒሳብ ሳይዛባ ይደርሳል።

የንግዱ ባሕርይ

የቴዚዮን ብልሃት ለመረዳት በመጀመሪያ ንግዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ንጹሕ ደም ተብሎ የሚጠራው የእሽቅድምድም ፈረስ በእንግሊዝ አገር የወጣ ዘር ሲሆን፣ በአባት በኩል የትውልድ ሐረጉ ከምሥራቅ አገሮች ከመጡ ሦስት ድንጉሎች ላይ ይደርሳል። የትውልዱ መዝገብ ከ1791 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ይታተማል። በዚህ መዝገብና የእርሱን አብነት በተከተሉት በሌሎች አገሮች መዝገቦች ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ ፈረስ ምንም ያህል ቢፈጥን በንጹሕ ደም ገበያ ላይ ዋጋ የለውም። እንግዲህ ሻጩ የሚሸጠው ሥጋና አጥንት ብቻ አይደለም፤ የተመዘገበ ትውልድንና በዚያ ትውልድ ላይ የተጣለውን ተስፋ ጭምር ነው።

ወጪው የታወቀ ነው፤ ገቢው ግን የማይታወቅ ነው። ባዝራ 11 ወር ያህል ትሸከማለች፤ በዓመት ከአንድ በላይ አትወልድም፤ አንዳንዱን ዓመትም ባዶዋን ትቀራለች። ውርንጭላው ተወልዶ፣ ጡት ጥሎ፣ ልጓምና ኮርቻ ለምዶ፣ በ2 ዓመቱ ሩጫ ይጀምራል። ደርቢ የሚባሉት ታላላቅ ውድድሮች ግን ለባለ 3 ዓመት ፈረሶች ብቻ የተመደቡ ናቸው። ስለዚህ ባዝራዋ ከድንጉላው ጋር ከተገናኘችበት ከጸደይ ወራት ጀምሮ ልጅዋ በደርቢ ቀን እስኪሰለፍ ድረስ 4 ዓመት ያህል ያልፋል። በነዚህ ዓመቶች ውስጥ ገብሱ፣ ድርቆሹ፣ የእረኛውና የጋላቢው ደመወዝ፣ የሐኪሙ ዋጋ ያለማቋረጥ ይከፈላል። በመጨረሻውም ቀን የሚያሸንፈው አንድ ብቻ ነው።

ገቢው በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የውድድር ሽልማት ነው። ሁለተኛው የወጣት ፈረስና የባዝራ ሽያጭ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድንጉላው ሩጫውን ካቆመ በኋላ የሌሎች ሰዎች ባዝራዎች እየመጡ ሲገናኙት የሚከፈለው ኪራይ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ድንጉላ በአንድ ወቅት 40 ባዝራዎችን ቢያገናኙትና የእያንዳንዷ ኪራይ 300 ፓውንድ ቢሆን፣ በዓመት 12,000 ፓውንድ፣ በ5 ዓመት ደግሞ 60,000 ፓውንድ ያስገባል ማለት ነው። ከብት አርቢዎች የሚጠቀሙበት በሰው እጅ የማስረገዝ ዘዴ በዚህ ዘር መዝገብ የተከለከለ ስለሆነ፣ የድንጉላው ጉልበት ራሱ አቅርቦቱን ይወስነዋል። አቅርቦቱ በተወሰነ ጊዜ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ሊነግሩን ይችላሉ።

በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ባለፈረሶች በሌላ መንገድ ያገኙትን ሀብት በፈረስ ላይ የሚያፈሱ ሰዎች ነበሩ። በቴዚዮ ዘመን በገበያው ላይ የነገሡት እንደ እንግሊዛዊው ሎርድ ደርቢና እንደ አጋ ካን ያሉ ባለጸጎች ናቸው። ለነዚህ ሰዎች ኪሣራ የጨዋታ ዋጋ ነበር፤ ለቴዚዮ ግን ኪሣራ የሥራው መጨረሻ ነበር። የፈረስ ቤቱ ወጪ ከፈረስ ቤቱ ገቢ መውጣት ነበረበት።

የ75 ጊኒ ባዝራ

የመጀመሪያው ብልሃቱ አገዛዙ ነው። በእንግሊዝ አገር በኒውማርኬት ከተማ፣ ከ1766 ጀምሮ በቆየው በታተርሶል የሐራጅ ቤት፣ በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር ባዝራዎች ይሸጣሉ። ቴዚዮ የዚህ ገበያ ደምበኛ ነበር። ሀብታሞቹ የሚሻሙባቸውን ባዝራዎች ለመግዛት አቅም ስላልነበረው፣ ሌሎች የጣሉትን እየመረጠ ይገዛ ነበር። የሚመርጠው ግን በርካሽነቱ ብቻ አልነበረም። ትውልዷ መልካም ሆኖ ራስዋ በሜዳ ላይ ያልቀናትን ባዝራ ይፈልግ ነበር። ምክንያቱም ገበያው የእንስሳዪቱን ያለፈ ሩጫ አይቶ ዋጋ ሲሰጥ፣ እርሱ የሚገዛው ገና ያልተወለዱትን ልጆችዋን ነበረ።

ከነዚህ ግዢዎች አንዱ በታሪክ የታወቀ ነው። በ1915፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የፈረስን ዋጋ በጣለበት ጊዜ፣ ካትኒፕ የምትባል ባዝራ ለሐራጅ ቀረበች። ካትኒፕ በሜዳ ላይ የሚያኰራ ሥራ አልነበራትም። እናትዋ ሲቦላ ግን በ1899 አንድ ሺህ ጊኒ የሚባለውን ታላቅ የእንግሊዝ የባዝራዎች ውድድር ያሸነፈች ነበረች። ቴዚዮ ካትኒፕን በ75 ጊኒ ገዛት። ጊኒ የሚባለው የሒሳብ ገንዘብ 21 ሽልንግ ስለሆነ፣ ዋጋዋ 78 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ መሆኑ ነው። ሌላው ሰው ጦርነቱን እየፈራ ሲሸጥ እርሱ ሰላም የሚመጣበትን ዘመን እያሰበ ይገዛ ነበር።

ካትኒፕ በዶርሜሎ በ1928 ኖጋራ የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። ኖጋራ ትንሽ ነበረች፤ ነገር ግን ፈጣን ስለሆነች በኢጣልያ ታላላቅ ውድድሮችን አሸነፈች። ሩጫውን ስታቆም እናት እንድትሆን ወደ መስክ ተመለሰች። የእርስዋ ልጅ የሆነውን ወደ ፊት እናየዋለን።

ድንጉላ አለመያዝ

ሁለተኛው ብልሃቱ ከብዙ አርቢዎች ልማድ የተለየ ነበር። መልካም ድንጉላ ያለው ሰው ኪራይ ላለመክፈል ሲል ባዝራዎቹን ሁሉ ለዚያው ለራሱ ድንጉላ ይሰጣል። ቴዚዮ ይህን እንደ ወጥመድ ይቈጥረው ነበር። የራስህ ድንጉላ በደጅህ ታስሮ ሲታይ ለዚህች ባዝራ ይስማማል ወይስ አይስማማም ብለህ በቅንነት ለመፍረድ ያስቸግርሃል፤ በነጻ የተገኘ ነገር ፍርድን ያጣምማል። በዚህ ምክንያት ባብዛኛው ባዝራዎቹን በባቡርና በመርከብ እያስጫነ ወደ እንግሊዝና ወደ ፈረንሳይ አገር ይልክ ነበር። የጉዞውና የኪራዩ ወጪ ቀላል አልነበረም፤ ዳሩ ግን ድንጉላ ለመግዛት የሚያስፈልገው ካፒታል እጅግ የበዛ ስለሆነ፣ በዓለም ላይ ያሉትን ምርጦች በትንሽ ገንዘብ ተከራይቶ መጠቀም ለእርሱ የተሻለ ሆኖ አገኘው።

ከዚህም ጋር የተያያዘው ሦስተኛው ሕግ አለመውደድ ነው ቢባል ይቻላል። የሚያረባቸው ባዝራዎች ቍጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ያልበቃችውን ባዝራ ያለ ርኅራኄ ያሰናብታታል፤ የበቃውንም ፈረስ ቢሆን ዋጋው በደረሰ ጊዜ ይሸጠዋል። በ1932 ማርኬዝ ማሪዮ ኢንቺዛ ዴላ ሮኬታ የሚባል መኰንንት ሸሪክ ሆኖ ስለገባለት ካፒታሉ ተጠናከረ፤ በሮም አጠገብ ያለው የኦልጃታ ርስትም ውርንጭሎቹ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚከርሙበት ቦታ ሆነ። ሕጉ ግን አልተለወጠም።

ለፈረሶቹ የታላላቅ ሠዓሊዎችንና ቀራጺዎችን ስም ያወጣላቸው ነበር። ጊዶ ሬኒ፣ ዶናቴሎ፣ ቤሊኒ፣ ቴነራኒ እያለ በጋጣው ውስጥ የኢጣልያን የሥዕል ታሪክ ሰብስቦ ነበር ማለት ይቻላል። በኢጣልያ ደርቢም ከ1911 ጀምሮ ከሀያ ጊዜ በላይ አሸንፏል። ከዚያ በኋላ በአገሩ ሜዳ ላይ የሚፎካከረው ሰው ከማጣቱ የተነሣ ዓይኑን ወደ ውጭ አገር መጣሉ የማይቀር ነበር።

ኒያርኮ

በ1937 ዶናቴሎ የተባለው ፈረሱ በፓሪስ ታላቁ ሽልማት ሁለተኛ ወጣ፤ ወዲያውም በ47,500 ፓውንድ ለእንግሊዝ አገር እርባታ ተሸጠ። ይህ ዋጋ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው አስደንቆ ነበር። ዳሩ ግን የሚበልጥ ነገር በጋጣው ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቴዚዮ ኖጋራን የሎርድ ደርቢ ንብረት ከሆነው ፌርዌይ ከሚባለው ድንጉላ ጋር ሊያገናኛት ፈልጎ ነበር። የፌርዌይ ወረፋ ስለሞላ አልተሳካለትም። ስለዚህ ከአንድ አባትና እናት ለተወለደው ለፌርዌይ ወንድም ለፋሮስ ሰጣት። በጥር ወር 1935 የተወለደው ውርንጭላ ኒያርኮ ተባለ። ኒያርኮ 14 ጊዜ ተወዳድሮ 14 ጊዜ አሸነፈ። በ1938 የኢጣልያን ደርቢ ከወሰደ በኋላ በሰኔ ወር ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም የእንግሊዝን ደርቢ ያሸነፈው ቧ ሩሴልና የፈረንሳይን ደርቢ ያሸነፈው ሲያስ ነበሩ። ኒያርኮ ሁለቱንም ቀድሞ ገባ።

ብዙ ሰው በዚህ ቀን ይህንን ፈረስ ወደ አገሩ መልሶ ለዘር ያስቀምጠው ነበር። ቴዚዮ ግን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሸጠው። ገዥው ማርቲን ቤንሰን የሚባል በፈረስ ውርርድ አስያዥነት የከበረ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ዋጋው 60,000 ፓውንድ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአንድ ድንጉላ ይህን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ አያውቅም። የአያቱ የካትኒፕ ዋጋ 78 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ እንደ ነበረ እናስታውስ። በ23 ዓመት ውስጥ፣ በሁለት ትውልድ፣ የልጅ ልጅዋ ዋጋ ከእርስዋ ዋጋ ከ760 ጊዜ በላይ ሆነ ማለት ነው። ኒያርኮ በኒውማርኬት ተቀመጠ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜም ከአውሮፕላን ቦምብ የሚጠለልበት ምሽግ ተሠራለት። ንብረቱ ምን ያህል እንደሚገመት ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

አንባቢ ይህንን ሰው ሲያደንቅ ዘመኑንም እንዳይረሳ ያስፈልጋል። ኒያርኮ በፓሪስ ሲያሸንፍ የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት አገራችንን ወርሮ ነበር። ቴዚዮም በ1939 በዚያው መንግሥት ዘመን የሴናቶርነት ማዕርግ ተቀብሏል። የሙያው ብልሃት ይህን አይሰርዘውም፤ ይህም የሙያውን ብልሃት አይሰርዘውም። ሁለቱን ጐን ለጐን አስቀምጦ ማየት የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው።

የተሸጠው ዘር

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን ደረስን። ዋነኛው ትርፍ በማን እጅ ገባ?

ኒያርኮ እስከ 1957 ድረስ በእንግሊዝ አገር ኖረ። ከልጆቹ አንዱ ናስሩላህ በመጀመሪያ በአየርላንድ፣ ኋላም በአሜሪካ የድንጉሎች ሁሉ አለቃ ሆነ። ሌላው ልጁ ሮያል ቻርጀርም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ሦስተኛው ልጁ ኒያርክቲክ በካናዳ ተወልዶ፣ በ1961 የተወለደው የኖርዘርን ዳንሰር አባት ሆነ። ይህ የልጅ ልጅ አጭር ስለ ነበር በ1962 ባለቤቱ በ25,000 ዶላር ለሽያጭ ሲያቀርበው የሚገዛው አልተገኘም። በ1964 ግን የኬንታኪን ደርቢ አሸነፈ። ከሀያ ዓመት በኋላ አንዲት ባዝራ ከእርሱ ጋር ለመገናኘት የሚጠየቀው ኪራይ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር።

በ1983 በአሜሪካ በኪንላንድ ሐራጅ የዱባዩ ሼክ መሐመድ የኖርዘርን ዳንሰርን አንድ ልጅ ገና ልጓም ሳይለምድ በ10.2 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ስናፊ ዳንሰር የተባለው ይህ ፈረስ አንድ ቀን እንኳ ሳይወዳደር ቀረ፤ ለዘርም ሲቀመጥ የወለዳቸው ልጆች አራት ብቻ ናቸው። በ1985 ደግሞ በዚያው ገበያ ሲያትል ዳንሰር የተባለው የኖርዘርን ዳንሰር የልጅ ልጅ በ13.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ወዲያው ገበያው ወደ ታች ወረደ። ዋጋ ከሥራ ተለይቶ በትውልድ መዝገብ ላይ ብቻ ሲቆም የሚሆነው ይህ ነው። ቴዚዮ ሰው የናቀውን ትውልድ በርካሽ ይገዛ ነበር፤ እነዚህ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ትውልድ በውድ ገዙ። ፈረሱ ያው ደም ነው፤ ሒሳቡ ግን ተገልብጧል።

ዛሬ በዓለም ሜዳዎች ላይ የሚሮጠው ንጹሕ ደም አብዛኛው በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ከኒያርኮ ጋር ይዛመዳል። በ2012 ሩጫውን ያቆመው ፍራንክል የተባለው የእንግሊዝ ፈረስ በአባት በኩል የኒያርኮ ዘር ነው፤ የሚገርመው እርሱም 14 ጊዜ ተወዳድሮ 14 ጊዜ አሸንፏል። ከዚህ ሁሉ ሀብት ወደ ዶርሜሎ የገባው ያው በ1938 የተከፈለው 60,000 ፓውንድ ነው።

ሪቦና የመጨረሻው ዘመን

ቴዚዮ የእርባታ አሳቡን በአንድ መጽሐፍ ጽፎ በ1947 አሳተመ። ንጹሕ ደሙን ፈረስ እንደ መመራመሪያ እንስሳ አድርጎ ያየው ስለ ነበር፣ ስለ ትውልድና ስለ ውርስ የሚያምነውን ሁሉ በዚያ አሰፈረ። በውስጡ ያሉት አንዳንዶቹ አሳቦች የዛሬ ሳይንስ የማይቀበላቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ፈረስ የሚመዘነው በሜዳ ላይ እንጂ በመልኩ ወይም በሊቃውንት አስተያየት አይደለም የሚለው መሠረታዊ እምነቱ እስካሁን የንግዱ ምሰሶ ነው።

እርሱ ግን በፍርዱ የማይሳሳት አልነበረም። በ1952 ሮማኔላ የምትባለው ባዝራ በእንግሊዝ አገር ሳለች አንድ ትንሽ ውርንጭላ ወለደች። አባቱ ቴዚዮ ራሱ ያረባው ቴነራኒ ነበር። ውርንጭላው ከማነሱ የተነሣ በኢጣልያ ታላላቅ የባለ 3 ዓመት ውድድሮች እንኳ ሳይመዘገብ ቀረ። ስሙ ሪቦ ተባለ። ቴዚዮ በግንቦት 1 ቀን 1954 በ85 ዓመቱ ሞተ። ሪቦ የመጀመሪያ ሩጫውን ያደረገው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ 16 ጊዜ ተወዳድሮ 16 ጊዜ አሸነፈ፤ ከነዚህም ውስጥ በፓሪስ የሚደረገው የአርክ ደ ትሪዮምፍ ሽልማት በ1955ና በ1956፣ በእንግሊዝ አገርም የንጉሥ ጆርጅ ሽልማት በ1956 ይገኙባቸዋል። ከሁሉ የበለጠው ፈረሱ ሲወዳደር ሳያይ ሞተ ማለት ነው።

የሪቦ ወራሾች፣ ማለትም ሚስቱ ሊዲያና ሸሪኩ ኢንቺዛ፣ የኒያርኮን ታሪክ አስታውሰው ይሁን አይሁን፣ ይህንን ፈረስ አልሸጡትም፤ አከራዩት እንጂ። በ1959 ወደ አሜሪካ ወደ ኬንታኪ ግዛት ለ5 ዓመት ሄደ፤ ኪራዩም 1,350,000 ዶላር ነበር። ባለቤትነት ሳይለቁ ገቢ ማግኘት ከመሸጥ የተሻለ መንገድ ይመስላል። ዳሩ ግን ሪቦ ጠባዩ ከፍቶ ማጓጓዙ አደገኛ ስለሆነ ውሉ ታድሶ እዚያው ቀረ፤ በ1972 በኬንታኪ ሞተ። በወረቀት ላይ የኢጣልያ ንብረት ሆኖ ሳለ አገሩን ግን ተመልሶ አላየም።

ፍርዱ ምንድን ነው?

አንዳንድ ሰዎች ቴዚዮ ኒያርኮን በመሸጡ ተሳስቷል ይላሉ። በ60,000 ፓውንድ የሸጠው ነገር በኋላ የብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ምንጭ ስለሆነ ነው። ይህ ፍርድ ግን የመጨረሻውን ገጽ አንብቦ የመጀመሪያውን ገጽ እንደ መንቀፍ ይሆናል። ኒያርኮ በኢጣልያ ቀርቶ ቢሆን በእንግሊዝና በአየርላንድ ያሉትን ምርጥ ባዝራዎች አያገኝም ነበር፤ ባዝራዎቹን ካላገኘ ናስሩላህም ኒያርክቲክም አይወለዱም። የድንጉላ ዋጋ በድንጉላው ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም፤ በዙሪያው ባለው ገበያ ውስጥም ነው። ደግሞም ከሁለት ዓመት በኋላ ኢጣልያ ወደ ጦርነት ገባች። በዚያ ጊዜ በእጅ ያለ ፓውንድ በጋጣ ካለ ፈረስ ይልቅ ሳይሻል አይቀርም።

ይልቅስ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ቴዚዮ ፈረስ ሲሸጥ ሌላ ፈረስ ይፈጥር ነበር። ዶናቴሎን ሸጦ ኒያርኮን አወጣ፤ ኒያርኮን ሸጦ በሚስቱና በሸሪኩ እጅ ሪቦን ተወ። ካፒታሉ ፈረሶቹ አልነበሩም፤ ካፒታሉ ዕውቀቱ ነበር። ይህ ዕውቀት ግን በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ነበር። መጽሐፍ ቢጽፍም፣ ባለቤቱና ሸሪኩ ሥራውን ቢቀጥሉም፣ እንደ እርሱ የሚያይ ዓይን አልተተካም። በእርሱ ዘመን ከሀያ ጊዜ በላይ ያሸነፈበት የኢጣልያ ደርቢ በ2009 ከኤሮፓ የአንደኛ ደረጃ ውድድሮች ተራ ወጥቶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ዝቅ አለ። የኢጣልያ ፈረሶች ደም በዓለም ሁሉ ይሮጣል፤ የኢጣልያ ሜዳ ግን የቀድሞ ክብሩን አጥቷል።

ስለዚህ ከዚህ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ዘር አትሽጥ የሚል አይደለም። ድኻ ሰው ዘሩን ሳይሸጥ ካፒታል አያገኝም። ትምህርቱ፣ ዘሩን የሚሸጥ ሰው ዘሩን የሚያወጣበትን ጥበብ ለሚቀጥለው ትውልድ አስተምሮ ማለፍ አለበት የሚል ነው። ፈረሱ ቢሸጥ ሌላ ፈረስ ይወለዳል። ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር ከተቀበረ ግን በ75 ጊኒ የቀረበችውን ባዝራ አይቶ ዋጋዋን የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ ሐራጁም እንዲሁ አልፎ ይሄዳል።